ካልዲና ከሥዕሉ ውጭ የቀሩት ሰዎች

ሰው በልጅነቱ የወደደውን ነገር በሽምግልናው ሊመረምረው ሲነሣ ልቡ ለሁለት ይከፈላል። ቢነቅፈው የገዛ ልጅነቱን የነቀፈ ይመስለዋል፤ ያለ መጠን ቢያመሰግነው ደግሞ እውነትን የካደ ይመስለዋል። እኔም ዛሬ ስለ ሥዕላዊ ተረት፣ ማለትም ፈረንጆች ኮሚክ ስለሚሉት፣ በተከታታይ ሥዕል ስለሚነገረው ታሪክ ስጽፍ በዚህ ችግር ውስጥ ነኝ። ይሁን እንጂ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሰው የሚወደውን ነገር መመርመር ካልቻለ የሚጠላውን ሊመረምር አይችልምና ትንሽ ታገሠኝ።

ያደግሁት በአጋሮ ነው። አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲቀላ ከተማይቱ በሰውና በጭነት መኪና ትሞላለች፤ በየደጃፉ የተሰጣው ጀንፈል ሽታ እስከ ሌሊት አይጠፋም። እኔ ልጅ በነበርሁበት በ1960ዎቹ ዓመታት ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ በእኛ ሰፈር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሥዕላዊ ተረትን ያወቅሁት ከሱቅ በመጣ ስኳር ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሱቁ ስኳርና ሻይ ቅጠል የሚጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ነበር። አንድ ቀን እናቴ ልካኝ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ስመለስ መጠቅለያው በብዙ ትንንሽ ክፈፎች የተከፋፈለ፣ በእያንዳንዱም ክፈፍ ውስጥ ሰው የተሣለበት የውጭ አገር መጽሔት ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ካባ የለበሰ አንድ ብርቱ ሰው በመጀመሪያው ክፈፍ ይሮጣል፤ በሁለተኛው ይዘላል፤ በሦስተኛው ሌባውን አንጠልጥሎ ይታያል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስኳር ግዛ ስባል አልለግምም ነበር። በብዙ ወር ውስጥ ዐሥራ አንድ ቅጠል አጠራቀምሁ።

ቅጠሎቹ መጀመሪያም መጨረሻም አልነበራቸውም። የተጻፈባቸውንም ቋንቋ ከእኛ መካከል የሚያነብ አልነበረም። ስለዚህ ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር በቡና ማስጫው አልጋ ሥር ተሰብስበን፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ የጎደለውን ታሪክ ራሳችን እንፈጥር ነበር። አንደኛው ሌባው የሰረቀው ቡና ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የለም የንጉሥ ልጅ ነው ይላል። በዚህ ላይ ተጣልተን የተለያየንበት ቀን አለ። ዛሬ ሳስበው ግን ያን ጊዜ ካነበብሁት ይልቅ ያላነበብሁት እንደ ጠቀመኝ ይገባኛል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የሥዕላዊ ተረት ዋና ብልሃት በሥዕሉ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሥዕልና በሥዕል መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ሠዓሊው ሰውዬው ሲዘል ያሳየናል፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ቆሞ ያሳየናል፤ በመካከሉ የሆነውን የሚሞላው አንባቢው ነው። ስለዚህ ሥዕላዊ ተረት ሰነፍ ልጅ የሚያነበው ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። አንባቢው ካልሠራ ተረቱ አይንቀሳቀስም።

ደግሞም ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ታሪክ በተራ ተሥሎ ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ሲያነበው ኖሯል። በአዲስ አበባ ለጎብኚዎች ሲሸጥ የኖረው የንግሥተ ሳባ ሥዕልም የዚሁ ዘመድ ነው። በአንድ ሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ አርባ አራት ክፈፎች በረድፍ ይደረደራሉ፤ ከዘንዶው መገደል ጀምሮ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም እስከ መሄዷና ልጇ ምኒልክ እስከ መንገሡ ድረስ ያለው ታሪክ በየሥዕሉ ሥር ካለው አጭር ጽሑፍ ጋር ይነበባል። ይህን ሸራ ካደግሁ በኋላ ባየሁ ጊዜ የስኳር መጠቅለያዬን ታላቅ ወንድም ያገኘሁ ያህል ተደሰትሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አስተማሪያችን የቡናን አጀማመር በሥዕል አሳዩ ብለው አዘዙን። የእኛ አገር ልጅ ይህን ታሪክ ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል ማለት ይቻላል። ከአጋሮ ብዙ በማይርቀው በጎማ ወረዳ ጮጬ የምትባል መንደር አለች፤ የአካባቢው ሰው ቡና የተገኘው በዚያ ነው ይላል። የቦንጋ ሰዎች ደግሞ የለም፣ በእኛ በማኪራ ነው ይላሉ። እኔም ከደብተሬ መካከል ወረቀት ቀድጄ፣ በማስመሪያ ስድስት ክፈፍ ከፍዬ፣ እንደዚያ እንደ ካባ ለባሹ ጀግና አድርጌ ካልዲን ሣልሁት። በመጀመሪያው ፍየሎቹ ቀዩን ፍሬ ይበላሉ። በሁለተኛው ይጨፍራሉ። በሦስተኛው ካልዲ ይቀምሳል። በአራተኛው ካልዲ ራሱ ይጨፍራል። በአምስተኛው ፍሬውን ለአንድ መነኵሴ ያሳያል። በስድስተኛው ሲኒ ከነጭሱ ተቀምጧል።

እናቴ በአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ለቃሚ ነበረች። ከሌሎች ሴቶች ጋር ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች፤ የሚከፈላትም በለቀመችው ልክ ነበር። ያን ዕለት ማታ ወገቧን ይዛ ስትገባ ሥዕሉን አሳየኋት። ፊደል ባትቈጥርም ሥዕል ታነብ ነበር። ክፈፎቹን በጣቷ እየነካች ሄዳ በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል ጣቷን አቆመችው።

«ፍሬው ከመነኵሴው እጅ ወደ ሲኒው በምን ገባ?» አለችኝ።

«ካልዲ ነዋ ያገኘው» ብዬ መለስሁላት።

«ማግኘቱንስ ያግኘው። ማን ለቀመው? ማን አሰጣው? ማን ቆላው?» አለችና ጥቂት ዝም ብላ፣ «ልጄ፣ ይህ ልጅ ብቻውን ይህን ሁሉ ከሠራው እኔ ቀኑን ሙሉ የት ዋልሁ?» አለችኝ።

እኔ ተቈጣሁ። ሥዕሌ የተበላሸብኝ መሰለኝ። አላረምሁትም፤ በማግሥቱ እንዳለ አስረከብሁት። አስተማሪው አመሰገኑኝ፤ ሥዕሉም በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን ጥያቄዋን አልመለስሁላትም። ይህ ጽሑፍ በጣም የዘገየ መልስ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ካልዲ ማን እንደ ሆነ ልንገርህ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1671 ዓ.ም. ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ የማሮን ሊቅ በሮም ስለ ቡና አንድ ትንሽ መጽሐፍ በላቲን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ እንስሶቹ ሌሊቱን ሳይተኙ ስላደሩበት እረኛና ጉዳዩን ስለ ነገራቸው መነኮሳት ይናገራል። ነገር ግን አገሩ በዓረብ ምድር ነው፤ ካልዲ የሚል ስምም በውስጡ የለም። ስሙ የመጣው በኋላ ዘመን ነው። በ1922 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ዊልያም ዩከርስ የተባለ አሜሪካዊ ስለ ቡና ትልቅ መጽሐፍ በኒው ዮርክ ሲያሳትም ካልዲና የሚጨፍሩት ፍየሎቹ ከነሥዕላቸው በውስጡ ገቡ፤ የሥዕሉም ባለቤት ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካልዲ በየአገሩ በቡና ጣሳና በቡና ቤት ሰሌዳ ላይ ሲጨፍር ይኖራል።

እንግዲህ ካልዲ በልጅነቴ ከሰበሰብኋቸው ጀግኖች ጋር አንድ ዓይነት ሰው ነው። ሠዓሊዎችና ነጋዴዎች ያሳደጉት የሥዕል ጀግና ነው። በዚህ አልነቅፈውም። ተረት ተረት ነውና ካልዲ በእርግጥ ነበረ አልነበረም ብዬ አልከራከርም፤ ፍየሎቹም ይጨፍሩ፤ እኔም እስከ ዛሬ ሳያቸው እሥቃለሁ። የምነቅፈው ተረቱ የሚቆምበትን ቦታ ነው። ሥዕሉ ቡናን የአንድ ቀን ዕድልና የአንድ ልጅ ግኝት ያደርገዋል። ቡና ግን ዕድል አይደለም፤ ሥራ ነው። በጅማና በከፋ ደን ውስጥ ጥላ ዛፉን ጠብቆ፣ ሥሩን አርሞ ያቆየው ገበሬ በሥዕሉ ውስጥ የለም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት በእጅ መልቀም ያስፈልጋል፤ ያ እጅ በሥዕሉ ውስጥ የለም። በማስጫው አልጋ ላይ ቡናውን የምታገላብጠው ልጅ፣ በሙቀጫ የምትወቅጠው ሴት፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ብላ ለጎረቤት የምታቀርበው እናት የለችም። ከፍየል ወደ ሲኒ በአንድ ዝላይ ተደርሷል። ባዶው ቦታ ለአንባቢው መተው ጥበብ ነው ብያለሁ፤ ነገር ግን አንባቢው የጎደለው ሰው እንዳለ እንኳ እንዳያስብ ተደርጎ የተተወ ባዶ ቦታ ጥበብ ሳይሆን መርሳት ነው።

እንዲህ ያለው መርሳት በካልዲ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በመላው ዓለም እጅግ የታወቀው የሥዕላዊ ተረት ጀግና ሱፐርማን በ1938 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። ደካማን ከጉልበተኛ የሚያድን ነው። የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ግን መብታቸውን ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ጀግናው ለሌሎች ብዙ ሀብት ሲያመጣ እነርሱ በችግር አረጁ። ጡረታ የተቈረጠላቸውና ስማቸው በሥራቸው ላይ እንዲጻፍ የተፈቀደው በ1975 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ እሸት ቡናውን በርካሽ ሸጦ፣ ያ ቡና በሩቅ አገር በስንት ዋጋ እንደ ተጠጣ ሳያውቅ የሚሞተው የሊሙ ገበሬ ትዝ አለኝ። ሁሉን የሚያድነው ጀግና ፈጣሪዎቹን አላዳነም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥተህ ሥዕላዊ ተረትን ሁሉ አቃጥል እንዳልሁ አታድርገው። እንዲህ ያለ ፍርድ አስቀድሞ ተሞክሮ አላማረም። ፍሬድሪክ ወርትሃም የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1954 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የልጆች ጥፋት ምክንያቱ ሥዕላዊ ተረት ነው የሚል መጽሐፍ በአሜሪካ አሳተመ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ በአገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሸንጎ ቀረበ፤ አሳታሚዎችም በፍርሃት ራሳቸውን የሚያስሩበት ደንብ አወጡ። በ2012 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ግን ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የሐኪሙን የግል ወረቀቶች መርምራ የልጆቹን ቃል እንዳዛባና ማስረጃውን እንደ ፈለገው እንዳደረገው አሳየች። ሐኪሙ የጀግኖቹን ግፍ ሲያጋልጥ የልጆቹን እውነት ሰረዘ፤ እርሱም በተራው ሰዎችን ከሥዕሉ አስወጣ። ሃያሲ ሲቈጣ ይህ ወጥመድ ቅርቡ ነው።

ጀግና ማለት ምን እንደ ሆነ ከራሳችን አገር ልናየው እንችላለን። የሥዕላዊ ተረት ጀግኖች ከእናታቸው ካወጣችላቸው ስም ሌላ የጀግንነት ስም አላቸው። ይህም በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ስማቸው የፈረስ ስም ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. ገዙ፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከጅማ ከተማ በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ ይታያል። የጅማ ሽማግሌዎች እርሳቸውን የሚያመሰግኑት በጡጫ አይደለም፤ ለምኒልክ ግብር መክፈልን መርጠው አገራቸውን ከጦርነት ጥፋት ስላዳኑ ነው። አንድ ሠዓሊ ይህን ጀግንነት ቢሥል መልካም ነው፤ በጡጫ የማያምን ጀግና በሥዕላዊ ተረት ዘንድ ብርቅ ነውና። ነገር ግን ያው ሠዓሊ ከቤተ መንግሥቱ በታች የነበረውን የሂርማታን ገበያም መሣል አለበት፤ በዚያ ገበያ ከቡናና ከማር ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ጅሬንን ሥሎ ሂርማታን የተወ እንደ ሆነ፣ እኔ በስድስተኛ ክፍል የሠራሁትን ስሕተት በትልቅ ሸራ ላይ ደገመው ማለት ነው።

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ሲሰበሰቡ የዱሮው ተረት እንዴት ጥሩ ነበር፣ የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል እያሉ ሲያዝኑ እሰማለሁ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩትና በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ሲነሡ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። ነገር ግን ናፍቆት ጥሩ ምስክር እንጂ ጥሩ ዳኛ አይደለም። የወደድነውን ይነግረናል፤ የጎደለውን አይነግረንም። የእኔ ናፍቆት ዐሥራ አንዱን የስኳር መጠቅለያ ዛሬም ያሸተኛል፤ እናቴ ያቆመችውን ጣት ግን ለብዙ ዓመት ደብቆብኝ ኖሯል።

የዛሬዎቹም ሥራዎች ቢሆኑ በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ ይገባል። ኢታን ኮሚክስ በ2018 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር «ጀምበር» የተባለውን ሥዕላዊ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህን አደንቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ወጣት በጅማም በአጋሮም በየቤቱ አለ፤ ሠዓሊው ከሥዕሉ ውጭ የነበረውን ሰው አስገብቶታልና። ይሁንና ጀግናው ልዩ ኃይል በማግኘት ብቻ እንዲለወጥ መደረጉ ኃይሉን ላላገኙት ጓደኞቹ ምን ይነግራቸዋል ብዬ እጠይቃለሁ። ብሩክታዊት ጥጋቡ ካዘጋጀቻቸው የልጆች ሥራዎች አንዱ በሆነው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ጀግኖቹ ሦስት ልጃገረዶች ናቸው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለውንም ጐጂ ልማድ አብረው ይዋጉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ከተረቱ ቀድሞ ቢሮጥም፣ ጀግንነትን ለሦስት ማካፈሉ ብቻ ከብዙ ካባ ይበልጥብኛል።

እንግዲህ የምለውን በአጭሩ ልጨርስ። ጀግና ውደድ፤ መውደድ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን ሲሠራ በሥዕል ባየህ ጊዜ እንደ እናቴ በክፈፎቹ መካከል ጣትህን አቁም። እንጀራውን ማን ጋገረለት? የወደቀውን ቤት ማን መልሶ ሠራው? በዚያ ቀን ከሥዕሉ ውጭ የዋለው ማን ነው? ብለህ ጠይቅ። ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ላይ የለመደ ሰው በኑሮም ይጠይቀዋል፤ በፊቱ የተቀመጠችው ሲኒ በስንት እጅ አልፋ እንደ መጣች ሳያስብ አይጠጣም።

እኔ እጄ ዛሬ ለሥዕል አይታዘዝም። አንተ ግን የአጋሮ፣ የየቡ፣ የሊሙ ገነት ወይም የጅማ ልጅ ብትሆን፣ አንቺም እርሳስ የምትይዢ ብትሆኚ፣ የካልዲን ታሪክ እንደ ገና ሣሉልኝ። ፍየሎቹን አትከልክሏቸው፤ ይጨፍሩ። ከአምስተኛው ክፈፍ በኋላ ግን ቦታ ተዉ፤ በዚያም መሬት ላይ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ሣሉ። ከእነርሱ አንደኛዋ ወገቧን ይዛ ቀና ብትል፣ ፊቷን በደንብ ሣሉት።